ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ዴስክቶፕ ከሪፖዚተሪ መጫን፤ ለጅማ የንባብ ክፍል ስድስት ኮምፒውተሮች

የንባብ_ክፍል
ሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ባለች አንዲት የንባብ ክፍል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። በቅርቡ ስድስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አግኝተናል፤ ሁሉም 4 ጊጋባይት ራምና የቆየ ሃርድ ዲስክ አላቸው። የሰጡን ሰዎች ለራሳቸው ሥራ ይገለገሉባቸው ስለነበር ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 (ያለ መስኮትና ማውስ፣ በሚጻፍ ትዕዛዝ ብቻ የሚሠራ የሊኑክስ ሲስተም) ነው ያለባቸው። ሲከፈቱ ጥቁር ስክሪን ላይ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። የኛ ተማሪዎች ደግሞ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ብሮውዘርና በአማርኛ መጻፊያ ነው የሚፈልጉት። አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው፣ ጊዜ የላቸውም።

ሙሉ የመጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) አውርጄ እንደ አዲስ ልጫን ብል ዳታው አይበቃንም። ኢንተርኔታችን በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ነው፤ ስድስቱም ማሽኖች በኬብል በአንድ ስዊች ተገናኝተዋል። ስለዚህ ዴስክቶፑን ከራሱ ከኡቡንቱ ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ በፓኬጅ ተዘጋጅተው ከሚገኙበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ልጭን ብዬ ተነሳሁ።

ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በአንደኛው ማሽን የፓኬጅ ዝርዝሩን ለማደስ ‹ሱዶ አፕት አፕዴት› አልኩ። ‹ኖብል› (የ24.04 ስም) የሚለው ዋናው መስመር አለፈ። ‹ኖብል-አፕዴትስ› እና ‹ኖብል-ሴኩሪቲ› ላይ ግን ሪሊዝ ፋይሉ ‹ኖት ቫሊድ የት› ነው፣ ገና 4 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይቀረዋል የሚል ስህተት መጣ። ከዚያ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ ለመጫን ‹ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤክስኤፍሲኢ4› ስል ብዙ ፓኬጅ ካወረደ በኋላ አንዳንዶቹ ላይ 404 (ፋይሉ የለም) ብሎ ቆመ። ሪፖዚተሪው ነው የተበላሸው ወይስ ኔትወርካችን? ዳታው እያለቀ ስለሆነ የምታውቁ ቶሎ ብትመልሱልኝ።

———

የአጂፕ_ልጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 4:34

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። ከአፕዴቱ ኋላ ‹-ኦ አኳየር::ቼክ-ዴት=ፎልስ› ብለሽ ጨምሪበት። ቀኑን ማጣራት ያቆምና ያልፋል። እኔም አንድ ጊዜ ገጥሞኝ እንዲህ ነው ያለፍኩት።

———

ኪቶ_ግቢ
ሰኞ፣ ጠዋት 4:39

ቆይ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንይ። ተርሚናሉ ላይ ‹ታይምዴትሲቲኤል› ብለሽ ጻፊና የሚያወጣውን እዚህ አስቀምጪልን። የግድግዳ ሰዓታችሁ ስንት እንደሚልም ጨምሪ።

ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምንጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

———

የንባብ_ክፍል
ሰኞ፣ ጠዋት 4:43

ይኸው። ‹ሎካል ታይም› 04:41 ይላል። የግድግዳችንም 4:41 ነው። የሰዓት ቀጠናው አፍሪካ/አዲስ_አበባ። ‹ሲስተም ክሎክ ሲንክሮናይዝድ› የሚለው ላይ ‹ኖ›፣ ‹ኤንቲፒ ሰርቪስ› ላይ ‹ኢንአክቲቭ›።

———

ኪቶ_ግቢ
ሰኞ፣ ጠዋት 4:58

ተገኘ። ሪፖዚተሪውም ኔትወርካችሁም ደህና ናቸው።

ማሽኑ ላይ የተሞላው ሰዓት በኛ ቆጠራ ነው። አሁን ለኛ ከጠዋቱ 4:41 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 04:41ን የሚያነበው ገና ጎህ ሳይቀድ ብሎ ነው። በእሱ አቆጣጠር 10:41 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ማሽኑ ከዓለም ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። አፕት ከሪፖዚተሪው የሚያመጣው ‹ኢንሪሊዝ› የሚባል ፋይል ላይ የተፈረመበት ቀንና ሰዓት አለ። ማሽኑ ያንን ያይና ‹ይሄ ፋይል የተፈረመው ገና ወደፊት ነው› ብሎ አልቀበልም ይላል። 4 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ያለሽ ያንን ልዩነት ነው፤ በሌላ አነጋገር ፋይሉ የተፈረመው ዛሬ በኛ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

‹ኖብል› ለምን አለፈ? ያ ክፍል 24.04 በወጣበት በሚያዝያ 2024 በፈረንጅ ከታሸገ ወዲህ አይነካም፤ ፊርማው የቆየ ነው። ‹አፕዴትስ› እና ‹ሴኩሪቲ› ግን በየጊዜው እየታደሱ ስለሚፈረሙ ሁልጊዜ ትኩስ ናቸው። ማታ ላይ ብትሞክሪው፣ ከፊርማው ስድስት ሰዓት ካለፈ፣ ሊያልፍልሽም ይችል ነበር። ብዙ ሰው ‹አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም› እያለ ኔትወርኩን የሚወቅሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

404ቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ዝርዝሩ ስላልታደሰ ማሽኑ የሚያውቀው ሰርቨሩ የተጫነ ጊዜ የነበረውን ነው። ‹አፕዴትስ› ውስጥ አንድ ፓኬጅ አዲስ እትም ሲወጣለት አሮጌው ከሪፖዚተሪው ይነሳል። ማሽኑ የሌለ ፋይል እየጠየቀ ነው ማለት ነው።

እንዲህ አድርጊ፦ ‹ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ›። ሰዓቱ በራሱ ከኢንተርኔት ይስተካከላል። አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል፤ ኤንቲፒ ካልጠፋ በቀር ‹ሴት-ታይም› የሚለው ትዕዛዝ በእጅ መሙላት አይፈቅድም። ራውተሩ ኤንቲፒን የሚከለክል ከሆነ ራስሽ በፈረንጁ ቆጠራ ሙይው። ከዚያ ‹ሱዶ ኤችደብሊውክሎክ --ሲስቶኤችሲ› ብለሽ ወደ ማዘርቦርዱ ሰዓት ጻፊው። ስድስቱንም እዪያቸው፤ አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹም ሳይሆኑ አይቀሩም።

———

አሮጌ_ማሽን
ሰኞ፣ ቀን 6:20

ለየአጂፕ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ፣ ያልከው ትዕዛዝ ይሠራል፣ አልሠራም አልልም። ግን ለወጣቶች ማስተማሪያ በሚሆን ማሽን ላይ እንዲለመድ አልፈልግም።

ሪፖዚተሪ የሚታመነው በሰንሰለት ነው። ‹ኢንሪሊዝ› ፋይሉ በአሳታሚው ቁልፍ ይፈረማል። በውስጡ የፓኬጅ ዝርዝሮቹ አሻራ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ ተጽፏል። አፕት ይህንን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አረጋግጦ ነው ፋይሉን የሚጭነው። ማስተላለፊያው ኤችቲቲፒ (ያልተመሰጠረ) ብቻ ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ አንዲት ባይት የነካ ሰው ይያዛል። በዚህ ምክንያት ነው ፓኬጁ ከየትም መስተዋት (ቅጂውን የያዘ) ሰርቨር ቢመጣ፣ በፍላሽ ተይዞ ቢመጣም፣ አሻራው ዝርዝሩ ላይ ካለው እስከገጠመ ድረስ የምንቀበለው። ቀን ማጣራቱ የዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው። እሱን ማጥፋት የለመደ ሰው ነገ ፊርማ አላረጋገጥኩም ሲለውም የሚያጠፋበትን ትዕዛዝ ይፈልጋል። ሰዓት ማስተካከል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

———

የአጂፕ_ልጅ
ሰኞ፣ ቀን 6:41

ገባኝ ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ቀኑን ማጣራቱ ለዚህ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ጠቅሞኛል።

አንድ ጥያቄ ግን፦ የሀበሻ ሰዓት ልጆቹ ፊት እንዲታይ ቢፈለግስ? እነዚያ ሰዎች በኛ ቆጠራ የሞሉት ለዚህ ይመስለኛል። እኔም ሱቃችን ያለው ማሽን ላይ 10:41 ሲል ደንበኛ ግራ ይጋባል።

———

ኪቶ_ግቢ
ሰኞ፣ ቀን 7:05

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መፍትሔም አለው። የሲስተሙን ሰዓት አትንካው። የኤክስኤፍሲኢ ፓነል ላይ ያለው ሰዓት የራሱ የሰዓት ቀጠና መሙያ አለው። እዚያ ላይ ‹ኢቲሲ/ጂኤምቲ+3› ብለህ ሙላና አጻጻፉን የ12 ሰዓት አድርገው። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በኛ ቆጠራ ስድስት ሲቀነስ ከግሪንዊች በ3 ወደኋላ ይሆናል። በዚህ አሰያየም የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ የተገለበጠ ስለሆነ ነው ‹+3› የምንለው። ጠዋት 4:41 ሲሆን 4:41፣ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን 2:00 ያሳያል። ውስጡ ያለው ሰዓት ትክክል ስለሆነ አፕትም አይቆጣም። ጠዋትና ከሰዓትን የሚለየውን ምልክት ግን አታሳየው፤ እሱ በኛ አይገጥምም።

———

የንባብ_ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 1:15

ገለቶማ! ስድስቱም ማሽኖች እንዲሁ ነበሩ። ሰዓቱ ተስተካከለ፣ አፕዴቱ አንድም ስህተት ሳያወጣ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኤክስኤፍሲኢን የመረጥኩት ቀላል ነው ሲባል ስለሰማሁ ብቻ ነው። የተሻለ ካለ ሳልጭን ንገሩኝ። ሁለተኛ፣ የሚወርደውን እንዴት ላሳንሰው? ስድስት ማሽን ላይ ስድስት ጊዜ ማውረድ አንችልም።

———

የአጂፕ_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 1:22

ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ያምራል እኮ። ልጆቹ ከስልካቸው ጋር ስለሚመሳሰልባቸው ቶሎ ይለምዱታል።

———

አሮጌ_ማሽን
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ማማሩን አልክድም። 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ግን ጂኖም ተከፍቶ፣ በላዩ ብሮውዘር ከነጥቂት ገጾቹ ሲጨመር ማሽኑ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ያኔ ማውሱም ይንቀራፈፋል። ልጆች ፊት ያለ ማሽን ከምንም በላይ ሲነካ ቶሎ መልስ መስጠት አለበት።

ኤክስኤፍሲኢን በፈረንጅ በ1996 የጀመረው ኦሊቪየ ፉርዳን ነው፤ ኬዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕም በዚያው ዓመት ተጀመረ፣ ጂኖም በ1997። ጂኖም በ2011 በሦስተኛው እትሙ መልኩን ከሥር እስከ ላይ ሲቀይር፣ አሮጌውን መልክ የወደዱት ቅጂውን ይዘው ማቴ ብለው ቀጠሉ። ኤክስኤፍሲኢ በዚያ ሁሉ መካከል ሰው የለመደውን አላፈረሰም። 4.18 የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው፣ 4.20 ደግሞ በታኅሣሥ 2024፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ለንባብ ክፍል እንዲህ ያለ እርጋታ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ያስተማርሽው ልጅ ከዓመት በኋላ ሲመጣ ሜኑው እዚያው ቦታ ላይ ይጠብቀዋል።

ኤልኤክስኪውቲ የሚባለው ሌላው ቀላል ዴስክቶፕም መጥፎ አይደለም። ሉቡንቱ የሚባለው የኡቡንቱ ዓይነት በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ የሚጠቀመው እሱን ነው። ራሙ 2 ጊጋባይት ቢሆን እሱን እመክርሽ ነበር።

———

ዴቢያን_ብቻ
ሰኞ፣ ማታ 2:48

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፦ ዴቢያን የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ሲስተም። ከትንሹ የኔትወርክ መጫኛ ተነስታችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምርጫ ላይ ኤክስኤፍሲኢን ብታመለክቱ ሁሉንም ራሱ ይጨርሰዋል። ከተጫነ በኋላም ‹ታስክ-ኤክስኤፍሲኢ-ዴስክቶፕ› የሚለው ፓኬጅ ያንኑ ይሠራል። ዴቢያን 13 ላይ 4.20 ነው ያለው። ፋየርፎክሱም በቀጥታ ከሪፖዚተሪው ይመጣል፣ ስናፕ የሚባል ጣጣ የለም።

———

ኪቶ_ግቢ
ሰኞ፣ ማታ 3:02

ዴቢያንን እኔም እወደዋለሁ፤ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ያለው እሱ ነው። እሷ ግን ስድስት የሚሠራ ሲስተም አላት፤ 24.04 ደግሞ በፈረንጅ እስከ 2029 ድጋፍ አለው። ያለውን አፍርሶ መጀመር ዳታም ጊዜም ይበላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ‹4.20 እፈልጋለሁ› ብሎ የዴቢያንን ሪፖዚተሪ ኡቡንቱ ላይ የሚጨምር እንዳይኖር። የሁለቱ መሠረታዊ ላይብረሪዎች እትም ይለያያል። አፕት አንዱን ለማስታረቅ ሲል ሌላውን ይነቅላል፤ ሲብስ ሲስተሙ ጭራሽ አይነሳም።

አሁን የሚወርደውን ስለ ማሳነስ።

ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። ‹ዙቡንቱ-ዴስክቶፕ› የሚለው ሜታፓኬጅ ነው፤ በውስጡ ፕሮግራም የለም፣ የሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር ብቻ ነው፣ እሱን ስትጭኚ ሙሉው ዙቡንቱ ከነጌጡ ይመጣል። ሌላው ‹ኤክስኤፍሲኢ4› ነው፤ ዋናው አካል። እሱንም ቢሆን አፕት በልማዱ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን ‹ሪኮመንድስ› የሚባለውን፣ ማለትም ቢኖር የሚመከረውን ጭምር ይጎትታል። ‹--ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ› ስትይው ያንን ይተወዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የስክሪኑን ሥራ የሚሠራው ‹ኤክስኦርግ› ራሱ ከሚመከሩት ውስጥ ነው የተመደበው። ያንን ምልክት ተጠቅመሽ ‹ኤክስኤፍሲኢ4›ን ብቻ ብትጭኚ ተጭኗል ይልሻል፣ ስታስነሺው ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪው፦

ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ ኤክስኦርግ ኤክስኤፍሲኢ4 ኤክስኤፍሲኢ4-ተርሚናል ላይትዲኤም ላይትዲኤም-ጂቲኬ-ግሪተር ኔትወርክ-ማናጀር-ጂኖም ጂቪኤፍኤስ ቱናር-ቮልማን ማቴ-ፖልኪት ፓቩኮንትሮል አትሪል

‹ላይትዲኤም› የመግቢያው ስክሪን ነው፤ ‹ግሪተር› ያልኩት ስምና የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ፊቱ ነው፣ እሱ ከቀረ መግቢያው አይወጣም። ‹ጂቪኤፍኤስ› እና ‹ቱናር-ቮልማን› ፍላሽ ሲሰካ እንዲታይ ነው፤ የናንተ ልጆች ፍላሽ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ‹ማቴ-ፖልኪት› የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያዋ መስኮት ናት። ‹አትሪል› ፒዲኤፍ ያነባል።

‹ዋይ› ከማለትሽ በፊት አፕት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግርሻል። ያለ ምልክቱና ከምልክቱ ጋር አወዳድሪው፤ ‹ኤን› ብትዪ ምንም አይወርድም።

———

አሮጌ_ማሽን
ሰኞ፣ ማታ 3:20

ስድስት ጊዜ ላለማውረድ ደግሞ ‹አፕት-ካቸር-ኤንጂ› የሚባል ፓኬጅ አለ። አንዱ ማሽን ላይ ብቻ ይጫናል፤ በ3142 ፖርት ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ አምስቱ ፓኬጅ ሲፈልጉ እሱን ይጠይቃሉ። ያለውን ከዲስኩ ይሰጣል፣ የሌለውን አንድ ጊዜ አውርዶ ያስቀምጣል። ከዚያ ሁሉ ነገር በስዊቹ በኩል ስለሚሄድ ዳታ አይነካም።

በአምስቱ ማሽኖች ላይ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ ውስጥ አንድ ፋይል ፍጠሪና ይህችን አንድ መስመር ጻፊበት፦ አኳየር::ኤችቲቲፒ::ፕሮክሲ፣ ከዚያ በጥቅስ ውስጥ የዋናው ማሽን አድራሻና 3142፣ መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝ ከላይዋ ነጥብ ያላት የላቲን ምልክት። እሷ ከተረሳች አፕት ፋይሉን አላነብም ይላል። የዋናው ማሽን አድራሻ እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጊው።

ይህ የሚሠራው በኤችቲቲፒ ለሚመጡት ነው፣ የኡቡንቱ ሪፖዚተሪዎች ደግሞ በልማዳቸው በእሱ ነው የሚመጡት። አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣም አንድ ጊዜ ወርዶ ለስድስቱም ይዳረሳል፤ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው። ዳታ እንዳይበላ ብለው ማሻሻያውን ጭራሽ የሚያጠፉ ቦታዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

———

ኪቶ_ግቢ
ሰኞ፣ ማታ 3:31

ጋሼ ያሉት ከሁሉ ይበልጣል። ለጊዜው በፍላሽ ማዞር ከመረጥሽ ደግሞ ከላይ ‹አፕት-ጌት› ያልኩት ለዚያ ነው። ‹አፕት› የሚለው አዲሱ ትዕዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረዳቸውን ፋይሎች ይሰርዛል፤ ‹አፕት-ጌት› ግን /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ይተዋቸዋል። እነዚያን ኮፒ አድርገሽ በሌላኛው ማሽን ተመሳሳይ ፎልደር ውስጥ ብታስቀምጪ፣ ዝርዝሩ ከታደሰ በኋላ አፕት አግኝቷቸው አያወርድም። ጠዋት ግማሽ ላይ የቆመውም አልባከነም፤ የወረዱት እዚያው አሉ፣ እትማቸው ያልተቀየረው ይቀጥላል።

———

የንባብ_ክፍል
ማክሰኞ፣ ቀን 9:40

ካቸሩ ተጭኗል፣ የሚወርደውም በጣም ቀንሷል። በመጀመሪያው ማሽን ሁሉም ወርዶ ‹አንፓኪንግ› እያለ ሳለ ግን መብራት ሄደ። ዝናቡም ነጎድጓዱም አልቻልነውም ዛሬ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ተነሳ፤ አሁን ምንም ነገር ልጭን ስል ‹ዲፒኬጂ ዎዝ ኢንተራፕትድ› ይለኛል። እንደገና ከዜሮ ነው?

———

ኪቶ_ግቢ
ማክሰኞ፣ ቀን 9:52

አይደለም፣ አትስጊ። እዚህ ኪቶም ጠፍቷል። ዲፒኬጂ (ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም) እያንዳንዱ ፓኬጅ የደረሰበትን ደረጃ መዝግቦ ይይዛል። በዚህ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ‹ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ›፤ ግማሽ ላይ የቀሩትን ይጨርሳል። ቀጥሎ ‹ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል›፤ የጎደለውን ያሟላል። ከዚያ የመጀመሪያውን ረጅም ትዕዛዝ እንዳለ ድገሚው። የተጫነውን ይዘለዋል።

አንድ ፓኬጅ ላይ ፋይሉ ተበላሽቷል ካለሽ ያንኑ ‹ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል› ብለሽ በስሙ ጥሪው። ‹ሎክ ማግኘት አልቻልኩም› ካለሽ ደግሞ ሎክ ፋይሉን እንዳትሰርዢው። ማሽኑ ሲነሳ አውቶማቲክ ማሻሻያው ከበስተጀርባ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ጥቂት ታገሺው፣ ይለቃል።

———

የንባብ_ክፍል
ማክሰኞ፣ ማታ 12:50

ተነሳ!! አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ነበረች፤ የመግቢያው ስክሪን ሲመጣ ‹ቀለም አለው!› ብላ ጮኸች። ለካ እስከ ዛሬ ማሽኖቹ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይመስሏት ነበር።

ሦስት ነገር ቀርቶናል። አንደኛ፣ ሲነሳ ኔትወርክ እየጠበቅኩ ነው ብሎ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆማል። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ላይ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ግን ኬብሉን ‹አንማኔጅድ› ትለዋለች። ሦስተኛ፣ ፋየርፎክስን በአፕት ልጭን ስል ካቸሩን አልፎ በቀጥታ ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረ፤ አቆምኩት።

———

ኪቶ_ግቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:18

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ምክንያት ነው ያላቸው። ሰርቨሩ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው በ‹ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ› ነው፤ ዴስክቶፑ ደግሞ ‹ኔትወርክ-ማናጀር›ን ይዞ መጣ። ካርዱ አሁንም በአሮጌው እጅ ነው። /ኢቲሲ/ኔትፕላን ውስጥ ያለውን ፋይል ክፈቺና ‹ኔትወርክ› ከሚለው ሥር ‹ሬንደረር፦ ኔትወርክማናጀር› የሚል መስመር ጨምሪ። ክፍተቱ በስፔስ ብቻ ነው፤ ታብ ከተጠቀምሽ ይጮኻል። ከዚያ ‹ሱዶ ኔትፕላን ትራይ›። እሱ ካላጸደቅሽው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ከ‹አፕላይ› ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ደህና ከሆነ ‹ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲስኤብል ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ-ዌይት-ኦንላይን› በዪ፤ ያቺ ሁለት ደቂቃ ትቀራለች።

———

ዴቢያን_ብቻ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ። ኡቡንቱ ላይ ‹ፋየርፎክስ› የሚለው የአፕት ፓኬጅ በውስጡ ብሮውዘሩ የለም፤ ስናፕ እንዲጫን የሚያዝ ብቻ ነው። ስናፕ ደግሞ ከሌላ መደብር በኤችቲቲፒኤስ ስለሚመጣ ካቸራችሁ አያገኘውም፤ ስድስቱም ማሽን ለየብቻ ያወርዳል።

ሞዚላ የራሱ የአፕት ሪፖዚተሪ አለው፣ ፋየርፎክስን እንደ ተራ ፓኬጅ ይሰጣል። ቁልፉን /ኢቲሲ/አፕት/ኪይሪንግስ ውስጥ አስቀምጪ፣ ምንጩን ጨምሪ፣ ከዚያ የ‹ፕሪፈረንስ› ፋይል ጽፈሽ ለሞዚላ ምንጭ ቅድሚያ 1000 ስጪው። ቅድሚያው ካልተሰጠ አፕት የኡቡንቱን መርጦ ወደ ስናፑ ይመልስሻል። እሱም በኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ አንዱ ማሽን ላይ በ‹አፕት-ጌት› አውርጂና ፋይሉን በፍላሽ ለአምስቱ አዳርሺ፤ አንድ ፋይል ብቻ ነው።

የውጭ ሪፖዚተሪ ጨምሪ የምልሽ እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ሠሪው ራሱ የሚያሳትመው ስለሆነ። ስሙን የማናውቀው ሰው የከፈተውን ፒፒኤ (የግል ሪፖዚተሪ) ግን ለልጆች ማሽን አልመክርም። አንድ ጊዜ ከተጨመረ በዚያ ማሽን ላይ የፈለገውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የመጫን ዕድል ይኖረዋል።

———

የአጂፕ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:44

ይሄን ክር እያነበብኩ ሱቃችን ያለውንም ማሽን አስተካከልኩ፤ ፓነሉ ላይ የሀበሻ ሰዓት፣ ውስጡ የፈረንጅ። እህቴ፣ እርዳታ ከፈለግሽ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ ከአጂፕ ቆጪ ቅርብ ነው። አምስቱን ተከፋፍለን እንጨርሳቸዋለን።

———

የንባብ_ክፍል
ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

ቅዳሜ እንጠብቅሃለን፣ ቡና ይፈላል። ኔትወርኩም ፋየርፎክሱም ተሳክቷል።

የቀረኝ የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ድረ ገጽ ላይ አንዳንድ ፊደል ሳጥን ሆኖ ይታያል፣ መጻፍም አልቻልንም። ሪፖዚተሪው ውስጥ የሚገኝ ነገር አለ?

———

አሮጌ_ማሽን
ማክሰኞ፣ ማታ 2:35

አለ፣ የውጭ ምንጭ አያስፈልግም። ሳጥን የሚሆነው ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነው፤ የሚመከሩትን ትተን ስለጫንን ሳይመጣ ቀርቷል። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ በ1999 ነው፤ ስለዚህ ፎንቱ ብቻ ይበቃል። ‹ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ› እና ‹ፎንትስ-ኖቶ-ኮር› ጫኚ። አቢሲኒካ ለሕትመት ያምራል፤ ኖቶ ስክሪን ላይ በትንሹም ይነበባል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ስለሚጻፍ ለእሱ ምንም አያስፈልግም።

ለመጻፊያው ‹አይባስ› እና ‹አይባስ-ኤም17ኤን› ጫኚ፤ ‹አይኤም-ኮንፊግ -ኤን አይባስ› በዪና ወጥተሽ ግቢ። የአይባስ ማስተካከያውን ስትከፍቺ አማርኛ ከሚለው ሥር ‹ሴራ› የሚል አለ፤ ጨምሪው። እንደሚሰማው በላቲን ሲጻፍ በፊደል ያወጣዋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መቀየሪያው የዊንዶው ምልክት ያለበት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው።

ሴራ ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያያል፤ ‹ጠ› እና ‹ተ›፣ ‹ጸ› እና ‹ሰ› የሚለዩት በዚያ ነው። ልጆቹ ቶሎ ይለምዱታል፣ ግን ካፕስ ሎክ በርቶ ከሆነ የማይገባ ጽሑፍ ይወጣባቸዋል። የፊደል ሰንጠረዡን አንድ ገጽ ላይ አትመሽ ከየማሽኑ አጠገብ ለጥፊላቸው።